አስራ አራት እንጀራ ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከሮብ ገበያ ከተማ ስነሳ ባለቤቴ፣ ትንሹ ልጄና ጭነቱን ያገዘችኝ ጎረቤቴ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ ዶሮ ያቀፉ ሽማግሌና እኔ ነበርን፤ ሌሎቹ መንገድ ላይ ተሳፈሩ።

የምሄደው ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ አስራ አንደኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ ለእመቤት የሳምንት ስንቋን ላደርስ ነው፤ አስራ አራት የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶና ድንች። ዘንድሮ ገብሳችንን በረዶ ስለመታው ቆጥሬ ነው የምቋጥረው፤ በቀን ሁለት እንጀራ። ልጄ ግን እየከሳች ነው። ካልተሻላት ትምህርቷን አስትቼ ልመልሳት ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል።

ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ከረጢቴን አይቶ፣ «እትዬ፣ ድንቹም ወንበር ይዟል፤ ይከፈልለት» አለኝ።

«ወንበር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ድንቹ የያዘው ጭኔን ነው» አልኩት። ሽማግሌው ሳቁ፤ ለዶሮዋ ግን እሳቸውም አልከፈሉም። ቁልቁል ስንወርድ ጭጋጉም ብርዱም ወደ ኋላ ቀረ።

ሦስት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

እመቤት መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። እዚያው ሚዛን ዘርግቶ በአምስት ብር የሚመዝን ሰው አለ። ጫማዋንና ሹራቧን አስወልቄ አቆምኳት። አርባ አንድ ኪሎ። ለመስቀል በዚሁ ሚዛን አርባ አምስት ነበረች። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ቁጥር አልስትም፤ ቢሆንም ሁለቴ አስመዘንኳት።

ክፍሏ ደርሰን ሌማቱን ስከፍት ካለፈው ሳምንት እንጀራ ግማሹ ሻግቶ አገኘሁት። ሳይኖራት ብትከሳ ይገባኛል፤ እንጀራ እያለ ግን ምን ይባላል? ከዚያ ቀና ስል የትርንጎ ፍራሽ የለም።

ትርንጎ አብራት የምትኖር፣ ከቁይ ከተማ የመጣች ተማሪ ናት። ስንቃቸውን ቀላቅለው አብረው ይበሉ ነበር። አባቷ ከታመሙ ወዲህ ከቁይ የሚላክላት ቀረና ሁለቱም የእኔን መብላት ጀመሩ። ይህን ከሁለት ሳምንት በፊት ሳውቅ፣ ትርንጎ በር ላይ ልብስ እያጠበች፣ «እኔ የምቋጥረው ለአንድ አፍ ነው» አልኳት እመቤትን። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።

ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ምግብ ሲቀርብ በልቻለሁ እያለች ትወጣ እንደነበር እመቤት ነገረችኝ። ማክሰኞ ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ስልኳ አይሰራም።

«አንቺስ ለምን አልበላሽም?» አልኳት ልጄን።

«ብቻዬን አይወርድልኝም፣ እማ። እሷ ውጭ ተቀምጣ እያጠናች እኔ እንዴት ልጉረስ?»

ሽሮ ሠርቼ አብረን ቀረብን፤ እያጎረስኳት አንድ እንጀራ ጨረሰች። ከዚያ የቁይ መኪኖች ተራ ሄደን ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ጠየቅን። ማክሰኞ ትርንጎን ጫንኩ የሚል አልተገኘም።

አስር ሰዓት፣ ቤት

ባለቤቴ ገና ሳልቀመጥ ኪሎዋን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ለምን እንዳልመለስኳትና ከእንግዲህ ለሁለቱም እንደምቋጥር ነገርኩት። «ገብሱ ለሁለት አይበቃም» አለኝ።

«ድንቹን እናበዛዋለን» አልኩት።

ልጅ የምትወፍረው እኔ በቆጠርኩላት ልክ ይመስለኝ ነበር። ለመጪው ቅዳሜ የምቋጥረው ለሁለት ነው፤ እመቤትም ትምህርቷን አትተውም።

ቁይ ያላችሁ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ ትርንጎ የምትባል፣ ቀጭን፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት ተማሪ ቤቷ ደርሳ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።