የባለቤቴ ሁለት ነጥብ

ሰው ሲሳሳት አይቼ ማለፍ አልችልም። ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር የያዘኝ አመል ነው። ቴክሳስ መጥቼ ሌዊስቪል ከገባሁ ወዲህ የማርመው ደብተር ስላጣሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አርማለሁ፤ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ፣ የባለቤቴን ወሬ። ባለቤቴ በሌለሁበት "ቀይ እስክሪብቶ" እንደሚለኝ ደርሼበታለሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቼር ስገፋ ኖርኩ። ሥራው ክፉ አይደለም፤ ሰው ይመርቅሻል፣ እግርሽ ይጠነክራል። የከፋኝ ሌላ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ "የምሳፈርበት ጌት ስንት ቁጥር ነው?" ከሚለው በቀር ቁጥር ያለበት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያስተማርኩት ሒሳብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀኝ ያለ ይመስለኝ ጀመር። ይህንን ለማንም አልነገርኩም፤ ብቻ ኮሌጅ ተመዝግቤ ሒሳብን በኮድ መሥራት ተማርኩ፣ ከዚያም ፍሪስኮ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። የመጋዘኖችን የጭነት መኪና ወረፋ በሒሳብ የሚቀምሩ ሰዎች ናቸው።

ደወሉልኝ። ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ በራሴ ኮምፒውተር፣ እነሱ ስክሪኔን እያዩ አንድ ጥያቄ በኮድ እሠራለሁ። የደወለችው ሴት ደግ ነበረች። "የፈለግሽውን ኤዲተር መጠቀም ትችያለሽ" አለችኝ። ያኔ ደግነት መስሎኝ አመሰገንኳት።

ኤዲተር ማለት ኮዱ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። ኮሌጅ ውስጥ የተሰጠንን ስጠቀም ነበር እንጂ መምረጥ የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ ሪቻርድሰን ውስጥ ሶፍትዌር ለሚሠራ አንድ የዕድራችን አባል ደወልኩ።

"ሶ፣ እህቴ፣ ኤዲተር ስትመርጪ የሰው ወሬ አትስሚ" አለኝ። ከዚያ አርባ ደቂቃ ሙሉ የራሱን አሰማኝ።

በመጀመሪያ ዳውንሎድ አድርጊ ያለኝ ሁለት ፊደል ስጽፍ ሃያውን የሚጨርስልኝ ነበር፤ ያውም እየተሳሳተ። ደሴ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ ተማሪ ነበረኝ፤ እሱን አስታወሰኝና አባረርኩት። ሁለተኛው የዕድራችን ሰው ራሱ የሚሠራበት ነው፤ ማውስ የለው፣ ሜኑ የለው፣ ጥቁር ገጽ ብቻ። መግባቱን ገባሁ፣ መውጫው ጠፋኝ። ደውዬ "ከዚህ ነገር እንዴት ነው የሚወጣው?" ብዬ ብጠይቀው "ኧረ እኔም ከገባሁ አልወጣሁም" አለኝ። የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅዬ ተገላገልኩ።

ሦስተኛው ትንሽ፣ ግራጫ፣ መልከ ጥፉ ነገር ነበር። ፈጣን ነው፣ አይቀባጥርም፤ ልቤ ሊወደው ምንም አልቀረው። ነገር ግን እኔ ኮድ ስጽፍ አናቱ ላይ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ማስታወሻ እጽፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ እሱን አልፎት ይሄዳል። እሱ ደግሞ ፊደላችንን ጭራሽ አያውቅም። "የወረፋ አማካይ" ብዬ ስጽፍ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ደርድሮ አሳየኝ። ተናደድኩ። አማርኛ የማይችል ነገር እኔ ቤት አይውልም ብዬ ዘጋሁት። ከኮምፒውተሩ ማጥፋቱን ግን ረሳሁት።

አራተኛው ላይ ረጋሁ። ፊደላችንን እንደ ታተመ መጽሐፍ አድርጎ የሚያወጣ፣ ቀለሙ ዓይን የማይወጋ። አንድ ሳምንት ተለማመድኩበት፤ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

አሁን ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ፤ ኮምፒውተሩ የጋራችን ነውና። ዛሬ የሚተዳደረው መኪና እየነዳ ቢሆንም አዲስ አበባ ሳለ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር፤ እዚህ ደግሞ የዕድራችን ጸሐፊ ነው። ማስታወቂያ ሲጽፍ እንደ ጥንቱ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል። ዛሬ ሰው ሁሉ ባዶ ቦታ ብቻ እንደሚተው ብነግረው አይሰማም።

"ባዶ ማለት እኮ የለም ማለት ነው" ይለኛል። "ቃል ከቃል በሌለ ነገር እንዴት ይለያል?"

የኮምፒውተሩ ፊደል አቀማመጥ እንደ ታይፕራይተሩ ስላልሆነለት፣ ሰላሳ ቃል ያለውን ማስታወቂያ በአንድ ጣት ሲለቅም አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ኪቦርዱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መቀየር ስለሚረሳም ግማሹን እንደገና ይጽፈዋል። እሮብ ከሰዓት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የዕድሩን የስብሰባ ጥሪ ጻፈ። ያን ዕለት ሌላ ምን እንዳደረገ ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ከኢንተርቪው በኋላ ወደ ሥራ ስለምሄድ የኤርፖርቱን ሸሚዝ ለብሼ፣ ላዩ ላይ ጥሩ ሹራቤን ደርቤ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ያች የደወለችው ሴትና ጺሙ የሸበተ አንድ ሰውዬ ብቅ አሉ። ሰውዬው ጥያቄውን አቀረበ፤ አንድ መጋዘን በር ላይ የቆሙ መቶ መኪኖች እያንዳንዳቸው ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ ቁጥሩ ተሰጥቷል፤ አማካዩን አውጪ፣ ወረፋው የሚብሰው የትኛው ላይ እንደሆነ አሳዪ። ቀላል ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ያለ ነገር ከተጠየቅሁ።

በምጽፍበት የኮድ ዓይነት 1:100 ማለት ከአንድ እስከ መቶ ማለት ነው። ያቺ ሁለት ነጥብ "እስከ" ናት። ጻፍኩ፣ አስኬድኩት። ቀይ መስመር መጣ፤ "የማይታወቅ ምልክት" ይላል፣ ቀስቱ ሁለት ነጥቧን ይጠቁማል።

ሁለት ነጥብ የማይታወቀው በየት አገር ነው? አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። ያው ቀይ። መስመሩን በሙሉ ደልዤ ፊደል በፊደል ጻፍኩት። ያው። ሴትየዋ "አይዞሽ፣ ጊዜ አለን" አለች፤ ሰው እንዲህ ካለሽ ጊዜው እያለቀ ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሹራቤን ሳወልቅ የኤርፖርቱ ባጅ አንገቴ ላይ ሲወዛወዝ ስክሪኑ ላይ አየሁት፤ እነሱም አዩት። በቃ፣ ወደ ዊልቼሬ ልመለስ ነው አልኩ በልቤ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ተስፋ የቆረጠ ሰው ያገኘውን ይይዛል። ያ መልከ ጥፉ ኤዲተር ሳይጠፋ መቅረቱን አስታወስኩ፤ ከፈትኩትና ኮዱን ገልብጬ ለጠፍኩበት። እንደ ልማዱ የአማርኛ ማስታወሻዬን በሳጥን ሞላው። ከዚያ ግን ኮዱ ውስጥ፣ በአንድና በመቶው መካከል፣ አንዲት ባዶ ሳጥን ቁጭ ብላለች።

ገባኝ። ይህ ኤዲተር ሳጥን የሚያደርገው የእኛን ፊደል ብቻ ነው። እንግዲያው እኔ "እስከ" ብዬ የጻፍኳት ሁለት ነጥብ የእኛ ናት፤ የባለቤቴ ናት። ያ ያማረው ኤዲተር አማርኛ ስለሚችል አሳምሮ ጽፎልኝ ኖሯል፤ ለዓይን ከእንግሊዝኛዋ በምንም አትለይም። ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ተገኘ?" አለ ሰውዬው።

"ይህች የኔ አገር ነጥብ ናት" አልኩት በእንግሊዝኛ። "ለናንተ ሁለት ነጥብ ከዚህ እስከዚያ ማለት ነው። በእኛ ጽሕፈት ግን አንዱ ቃል አልቆ ሌላው ሊጀምር ነው ማለት ነው። እኔ ከአንድ እስከ መቶ ቁጠር ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንድ፣ ከዚያ አረፍ ብዬ፣ መቶ ነው ያልኩት።"

"ቆይ፣ በየቃሉ መካከል ነው የምትገባው?" አለች ሴትየዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ። አሳየኋት። አራቱ ነጥብ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ፤ እሱንም አሳየኋት። ስነቃ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ፤ ጣቴ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ድምፄም ኋላ ወንበር ለተቀመጠ ተማሪ እንዲሰማ ከፍ ብሏል። አስተምር ነበር።

ኪቦርዱ የእንግሊዝኛዋን ነጥብ አልሰጥ ስላለኝ ከድረ ገጽ አድራሻ ላይ አንዷን ገልብጬ አመጣኋት። ኮዱ ሄደ፤ አማካዩ ወጣ። ሰውዬው ጺሙን እያሻሸ "ሌላ ሰው ይህ እንዳይደርስበት ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ። ኮድ ውስጥ የገባ እንግዳ ምልክት ካለ ቀድሞ የሚለቅም ሦስት መስመር እዚያው ጻፍኩለት። አነበበው፤ ከዚያ ለራሱ ማስታወሻ ያዘ።

ማታ ባለቤቴን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ያዝኩት።

"የኪቦርዱን ሁለት ነጥብ ምን አደረግከው?"

"ማለቴ፣ ብሮክን ነበር እኮ፣ በአማርኛም የፈረንጁን ነበር የሚያወጣው፤ ፊክስ አደረግኩት" አለ ኮራ ብሎ። "አሁን ኪቦርዱ በእንግሊዝኛም ቢሆን ሁሌም የኛን ነው የሚያወጣው።"

የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ መሳቅ ጀመረ፤ የኔን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወ። በማግስቱ የሁለት ነጥቧን ቁልፍ ወደ ቀድሞዋ መለስኳት፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

ስልኩ የተደወለው በሳምንቱ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት በዊልቼር ይዤ ስሄድ ነው። ቆሜ ሰማሁ፤ ቆሜም ቀረሁ።

"ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው?" አሉኝ ዞረው።

"ኧረ ደግ ነው እማማ፤ ሥራ አገኘሁ።"

"ይሄስ ሥራ አይደለም እንዴ?" አሉ ዊልቼሩን መታ መታ እያደረጉ። ሥራ ነው አልኳቸውና እስከ መውጫው ገፋኋቸው፤ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አላውቅም።

ፍሪስኮ ሥራ የጀመርኩ ቀን የትኛው ኤዲተር እንዲጫንልኝ ሲጠይቁኝ "አማርኛ የማይችለው" አልኩ። ግራጫው ይኸው እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ባለቤቴ በበኩሉ ሚስቱን ያስቀጠረው የእሱ ሁለት ነጥብ እንደሆነ በየሄደበት ያወራል።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማታ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ለዕድሩ አባላት በሙሉ አንድ ማስታወቂያ ልኳል፦

"መምህርት:የሆነችው:ባለቤቴ:በሙያዋ:ሥራ:ስለጀመረች:እንኳን:ደስ:ያላችሁ።"

የመጀመሪያዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ለስድስት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠራኝ አልነበረም። ከዚያ ዓይኔ እንደ አመሉ ወደ ነጥቦቹ ሄደ። ቁልፏ እንደተቀየረች አላወቀም፤ ሁሉም የእንግሊዝኛ ናቸው። ስምንት ስህተት ቆጠርኩ።

አላረምኩትም።