ብርቄ ያልተንበረከከችበት ሰኔ

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታችን አርፈው ልቅሶ ተቀምጠን ነበር። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ሐዘኑ በረድ ብሎ ሰው ንፍሮውን እየዘገነ ወደ ወሬ ገብቷል። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ለጓደኛው ቪዲዮ አሳየው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ በሐይቁ ዳር በተሠራው አዲሱ መንገድ ላይ አንዲት ልጅ በእግር የሚገፋ ስኩተር እየነዳች ትዘላለች፤ አየር ላይ እያለች ስኩተሩን ከእግሯ ሥር አዙራ መልሳ ትቆምበታለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ጉድ እኮ ነው! ደግሞ ሴት ልጅ!» አሉ አንዲት እናት። ደስ ብሏቸው ነው እንጂ ተቆጥተው አልነበረም።

ስልኩ ዞሮ ዞሮ ጋሽ ተገኘ እጅ ገባ። ጋሽ ተገኘ እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ሽበታቸው ያማረ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩና ፈገግ አሉ።

«ይኼማ ለባሕር ዳር አዲስ አይደለም» አሉ። «በእኔ ጊዜ፣ ሱሪ የለበሰች ሴት እንደ ጉድ በምትታይበት ዘመን፣ አንዲት ተማሪ ወላጆች ፊት በስኩተር እንድትዘል አድርጌያለሁ። ያበረታታኋት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ «እውነትም አስተማሪ!» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የዘገንሁት ንፍሮ ከእጄ ፈሰሰ። ያቺ ተማሪ ታናሽ እህቴ ናት። እዚያ ድንኳን ውስጥ ያልሁትን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሆነውን እንደሆነው ልናገር።

አባቴ የድሬዳዋ ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሥራ ተቀጥሮ ባሕር ዳር መጣ፣ ከአንበሳሜ ከተማ የመጣችውን እናቴን አገባ፣ በዚያው ቀረ። ቤታችን ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ፣ ከፊቱ ሲሚንቶ በረንዳ ያለው፣ ጓሮው ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ የቆመበት ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ብርቄ በአራት ዓመት ትከተለኛለች። በዚያን ጊዜ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው። አስተማሪውም፣ ቄሱም፣ ዓሣ ሻጩም ፔዳል ይመታል። ብርቄ ግን ብስክሌት አልማረካትም። አባቴ ከተሰበረ የልጅ ብስክሌት መሪውን ወስዶ፣ ከታች የዋንዛ ጣውላ አስሮ፣ ከአሮጌ የዕቃ ጋሪ ሁለት ትንንሽ ጎማ ፈልጎ፣ ብረቱን ራሱ በይዶ ስኩተር ሠራላት። እንዲያው ከሰፈር ሱቅ እየተላላከች እንድትጫወትበት ብሎ ነበር።

እሷ ግን ነገሩን ሌላ አደረገችው። አንድ ሙሉ ክረምት ዝናብ ሲዘንብ በረንዳው ላይ ስትዘል ከረመች። መጀመሪያ ከነስኩተሩ መዝለል ቻለች። ቀጥሎ ከበረንዳው ደረጃ ላይ እየዘለለች መውረድ። በመጨረሻ ያቺን «አዙሪት» ያለቻትን ነገር ጀመረች፤ ትዘልና ጣውላውን በእግሯ ትመታዋለች፣ ጣውላው በመሪው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይሽከረከራል፣ ከመሬት ሳይደርስ ትቆምበታለች። ሳይሳካ ሲቀር ብረቱ ቁርጭምጭሚቷን ይመታታል። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ በአንድ እግሯ እያነከሰች ትዞርና እንደገና ትጀምራለች።

ቤታችን ያኔ የጦር ሜዳ ነበር። ፍሬን ስለሌለው የምታቆመው በጫማዋ ተረከዝ ነው፤ የግራ ሸራ ጫማዋ ተበልቶ ሲያልቅ የቀኙ ገና አዲስ ነው። እናቴ ትጮሃለች። «ምነው አንተ ሰውዬ! ብረት ሠርተህ ልጄን ልታስገድላት ነው?» ትለዋለች አባቴን። እሱ ራቱን እየበላ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ «ትንሽ ቀርቷታል፣ እየደረሰች ነው» ይላል። እናቴ ስኩተሩን የዳጉሳ ከረጢት ኋላ ትደብቀዋለች፤ ብርቄ ታገኘዋለች። ማታ ደግሞ ያቺው እናቴ ውኃ በጨው አሙቃ፣ የልጅቱን ቁርጭምጭሚት እያጠበች «ወየው እናትሽ፣ ወየው!» እያለች ታለቅሳለች። አዙሪቷ የተሳካች ቀን እኔ ጓሮ ልብስ እያጠብሁ ነበር። «እታለም! እታለም ነይ!» ብላ ስትጠራኝ አረፋውን ሳልጠርግ ሮጥሁ። ደግማ አሳየችኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አይታለች፤ የዚያን ቀን ራት ላይ ከቆሮሶ ዓሣው ወጥ ትልቁን ለብርቄ አወጣችላት።

እሑድ ጧት ጧት፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ ብርቄን ይዣት ወደ ሐይቁ ዳር እወርድ ነበር። የዓሣ ሽታ አለ፣ የእርጥብ ደንገል ሽታ አለ፣ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ከሩቅ ይታያሉ። ዘንባባዎቹ ሥር አስፋልቱ ለስላሳ ነው። እዚያ ነው ጋሽ ተገኘ ያዩን። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩ። «የእኛ ተማሪ አይደለሽም እንዴ አንቺ?» አሏት። በሚቀጥለው ሳምንት ቤታችን ድረስ መጡ።

ሰው ይህን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ራሳቸው ናቸው የመጡት። ግንቦት ነበር፤ ማንጎው ደርሷል፣ እናቴ ቆርጣ አቀረበችላቸው። በግንቦት መጨረሻ የወላጆች ቀን እንደሚከበር፣ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ግጥምና ድራማ ብቻ ሰው እንደሚያሰለች፣ ብርቄ ብትዘል ትምህርት ቤቱ እንደሚኮራ ነገሩን።

እናቴ እምቢ አለች። «ሴት ልጅ ናት ጋሼ። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ለእኔ ይተዉት» አሉ ጋሽ ተገኘ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ደግሞ በቀሚስ አይሆንም፣ ሱሪ ያልብሷት።»

እናቴ በማግስቱ ልብስ ሰፊ ቤት ሄዳ ሰማያዊ ሱሪ አስለካች። ስኩተሩን ከከረጢት ኋላ የምትደብቀው ሴት፣ ጎረቤት ሁሉ እየጠራች «ልጄ እንግዳ ፊት ልትወጣ ነው» ስትል ሰማኋት።

በበዓሉ ቀን ሰማዩ ደመናማ ነበር፤ ሌሊቱን ዝናብ ስለ ጣለ መሬቱ ይሸታል። ሜዳው ላይ ዳስ ተጥሏል፤ እንግዶቹ ከፊት ወንበር ላይ፣ ወላጆች ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ የቀን ፈረቃ ስለነበረ አልመጣም። ግጥሙ ተነበበ፣ ድራማው ታየ። ከዚያ ጋሽ ተገኘ ራሳቸው በእጃቸው ምልክት ሰጧትና ብርቄ ወጣች።

ከመድረኩ ፊት ያለው ሲሚንቶ ላይ ሁለቴ ዞረች። ዘለለች። ልጆቹ ጮኹ። ከመድረኩ ደረጃ ላይ ተነሥታ ወረደች። ከዚያ አዙሪቷን ሠራች፤ ጣውላው ዞረ፣ ቆመችበት፣ ምንም አላነቃነቃትም። ሜዳው ተናወጠ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር። እህቴ በሕይወቷ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

ከፊት የተቀመጡት የክብር እንግዳ ግን አላጨበጨቡም። ተነሡና ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። «ልጆቻችንን የምንልከው ይህን እንዲማሩ ነው? ሴት ልጅ ሱሪ ታጥቃ፣ አባቶች ፊት እግሯን እያነሣች! ለመሆኑ ይኼን ማን ነው የፈቀደው?» አሉ።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ብርቄ ስኩተሩን እንደያዘች መሀል ላይ ቆማለች። ወደ ጋሽ ተገኘ አየች። እኔም አየኋቸው። ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው «ይህ በፕሮግራማችን ውስጥ የለም። ተማሪዋ ያለፈቃዳችን ነው የገባችው። ይቅርታ እንጠይቃለን፣ አስፈላጊው ቅጣት ይሰጣታል» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ቀጥለው ወረዱና ስኩተሩን ከእጇ ነጥቀው ለጥበቃው ሰጡት።

እናቴ ተነሣች። ከአንበሳሜ ገበያ ውጭ ሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። «ጋሼ!» አለች። «ቤቴ መጥተው አልነበረም እንዴ? ሱሪ ያልብሷት ብለው ያዘዙኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ሴትዮ ይቀመጡ!» አላት አንድ አስተማሪ። እናቴ አልተቀመጠችም። «ማንጎዬን በልተው አይደለም የሄዱት?» አለች። ከኋላ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ማንም ሌላ ሰው አልተነሣም። እኛን የሚያውቁ፣ ሱሪው ሲሰፋ የሰሙ ጎረቤቶቻችን አጠገባችን ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ ሄዳ ብርቄን በእጇ ይዛ አወጣቻት፤ እኔም ተከተልሁ።

ሰኞ አባቴ ተጠራ፤ እኔም አብሬው ሄድሁ። ጋሽ ተገኘ ብርቄ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት ተንበርክካ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ አለበለዚያ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና እንደማትቀመጥ ነገሩት። አባቴ «ልጄ ያጠፋችው ምንድን ነው?» አላቸው።

ያን ጊዜ የቢሮውን በር ሄደው ዘጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምንም አላጠፋችም፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ሰውየው ትልቅ ሰው ነው። የልጆች አባት ነኝ፣ ተረዳኝ እንጂ። ለስሙ ያህል አንድ ጊዜ ትንበርከክና ነገሩ ይለፍ።»

«ለስሙ የሚንበረከክ ጉልበት ለልጄ አልሰጠኋትም» አለ አባቴ። «ስኩተሩን ስጡኝ።»

ጥበቃው ወደ ግምጃ ቤቱ ኋላ ወሰደን። መሪው ከሥሩ ተቆርጧል። ጣውላው ለሁለት ተሰንጥቋል። ጎማዎቹ የሉም። ጥበቃው ፊቱን አዙሮ «ታዝዤ ነው» አለ። ይታያችሁ፣ በዓሉ ቅዳሜ ነበር፤ እኛ የተጠራነው ሰኞ ነው። ልጅቱ ይቅርታ ትጠይቅ አትጠይቅ ሳይታወቅ፣ አባቷ ቃል ሳይሰጥ፣ ስኩተሩ ተሰብሮ አልቋል። አባቴ ብረቱን ከመሬት ለቀመና በሸሚዙ ጠርጎ ብስክሌቱ ላይ አሰረው።

ቤት ስንደርስ ብርቄን ጠርቶ ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራት፤ መንበርከኩንም፣ ፈተናውንም። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት።

ብርቄ የተሰነጠቀውን ጣውላ እያየች «አላጠፋሁም አባባ» አለች።

አልተንበረከከችም። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጠና፣ ጓደኞቿ ፕላስቲክ ደፍተው ለፈተና በቤታችን ደጅ ሲያልፉ እሷ በመስኮት ታያቸው ነበር። በሌላ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍልን ደገመች። የክፍላቸው አንደኛ የነበረች ልጅ ናት! አባቴ አቤት ያላለበት ቢሮ አልነበረም። አንዱ ወደ ሌላው ይመራዋል፣ ሌላው «ምክትል ዳይሬክተሩ ጥሩ ሰው ናቸው፣ በሰላም ጨርሱት» ይለዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ዓመቱ አይደለም። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ እናቴ አባቴን «ሌላ ሥራላት» አለችው። ያቺ ስትጮህ የኖረች ሴት! ሠራላት፤ ከመጀመሪያው ያማረ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። ብርቄ አባቷን አቅፋ አመሰገነች፣ አንድ ጊዜ እስከ በሩ ነዳችው፣ መልሳ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። እናቴ «ዝለይ እንጂ ልጄ» አለቻት። «እማዬ፣ አላሰኘኝም» አለች። ከዚያ በኋላ ስትዘል አላየኋትም። ጎረቤት ልጅቷ «ልብ ገዛች» አለ። እኔ ግን አብሬያት ነበር የምተኛው። ልብ አልገዛችም፤ ልቧን ነው የሰበሩት።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በዚያ ድንኳን «ያበረታታኋት እኔ ነኝ» ያሉት። ተነሣሁ። «ጋሽ ተገኘ» አልሁ፣ «ያቺ ልጅ እህቴ ብርቄ ናት። እርስዎ ቤታችን መጥተው ለምነው አስወጧት፣ ከዚያ በሰው ፊት ካዷት። ስኩተሯን ያሰበሩ እርስዎ ነዎት። አንድ ዓመቷን የበሉ እርስዎ ነዎት። ያበረታታት አባቴ ነው፤ ከሰው ሁሉ መሀል የቆመችላት እናቴ ናት።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ፣ ዘመኑ ነው፤ ጊዜው እንደዚያ ነበር» አሉ። ዘመኑ ነው! ስኩተሩን ከእጇ የነጠቀው ዘመን አይደለም፤ ሰው ነው፣ ስም ያለው፣ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ፣ በሩን ዘግቶ «አላጠፋችም» ያለ ሰው። የሚገርመው ደግሞ የዋሹ አይመስለኝም። በዚህ ሁሉ ዓመት ታሪኩን ለራሳቸው ሲነግሩ ሲነግሩ፣ መጨረሻውን ቆርጠው ጥለው፣ መጀመሪያውን ብቻ አምነውት ቀርተዋል።

ሰው አጉረመረመ። የሐዘን ቤት ነው፣ ሽበት ይከበራል አሉ። በማግስቱ ሁለት ሴቶች ቤቴ መጥተው ሰውየው ልባቸውን ያማቸዋል፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ።

ማታ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ ደወልሁ። ብርቄ እዚያ አዋላጅ ናት፤ የልጆች እናት ሆናለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት።

«ሰው በተሰበሰበበት ነው ያልሻቸው?» አለችኝ።

«ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር» አልኋት።

«ያኔም ሜዳው ሙሉ ሰው ነበር» አለች። «ከእማዬ በቀር አፉን የከፈተ አልነበረም። ደግ አደረግሽ እታለም።»

ሁለቱ ሴቶች ትናንት እንደገና መጥተው ነበር። ሻይ አቀረብሁላቸው፣ በደንብ አስተናገድኋቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አልሄድሁም፤ አልሄድምም።