የዱላው ዕረፍት

በየገበያው ቀን አማከለች በዘመሮ ከተማ ወደከፈተቻት ሻይ ቤት አንድ ሽማግሌ ብቅ ይላሉ። ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም። ጥቁር በርኖሳቸውን ሳያወልቁ በሩ ፊት ለፊት ይቀመጡና ሻዩን ስኳር አስጨምረው እያጣጣሙ ይጠጣሉ። በደጅ ከብት ባለፈ ቁጥር ግን ዱላቸውን ጨበጥ ያደርጋሉ።

አማከለች የሻይ ተክል ያየችው ጎሬ ነው፤ ሟች ባሏ ፖሊስ ሆኖ እዚያ ተመድቦ ነበር። ይህን ካጫወተቻቸው ወዲህ የሽማግሌው ወሬ ሁሉ የጎሬ ጉዞ ሆኗል።

«መስቀል ይለፍና እሄዳለሁ» ይላሉ። «እስከ ደብረ ብርሃን በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ዱላዬን አንቺ ዘንድ አኖራለሁ። ተራራው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማንንም ሳላባርር፣ ልምላሜውን ማየት አማረኝ።»

ዛሬ ግን ፊታቸው ቅጭም ብሎ ገቡ።

«ለመሆኑ የሻዩ ማሳ ዘንድሮ ክፍት ነው? ዝግ ከሆነ እኮ በከንቱ መልፋቴ ነው።»

አማከለች ያን ጊዜ ገባት፤ ሽማግሌው የጓሳን ሣር የሚጠብቁ ሰው ናቸው። የአገሬው የጋራ ሣር ምድር የሆነው ጓሳ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና የሚታጨደው አገሬው መክሮ ሲከፍተው ብቻ ነው።

«አይዘጋም፣ አባቴ» አለች እየሳቀች። «ሻይ ክረምት ከበጋ ይለቀማል።»

«ክረምት ከበጋ!» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ጠባቂው መቼ ያርፋል?»

«እንጃ፣ የሚያርፍም አይመስለኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። ግድግዳው ላይ ያስደገፉትን ዱላ አንስተው ትከሻቸው ላይ አጋደሙት።

«እንግዲያው ይዤው እሄዳለሁ። ያን ምስኪን ጠባቂ ሁለት ቀን እንኳ ልተካው።»