ወይዘሮ ጌታነሽ የመረጡት የዳዊት ትርጓሜ

ወይዘሮ ጌታነሽ የወንድማቸውን ደም የሚመልስላቸው ሰው አልነበራቸውም። ባላቸው ሞቷል፤ ወንድ ልጅ አልወለዱም። የነበራቸው አባታቸው ያስተማሯቸው ዳዊት ነው፤ በእሱ ሊበቀሉ ተነሡ።

ወንድማቸው አዳነ የሞተው ተዘግቶ የቆየው የጋራ ሣራችን ጓሳ ለአጨዳ በተከፈተ ሰሞን ነው። ጠዋት ከአገራችን ሰው ከፈንታ ጋር በቤት ክዳን ሣር ተጣሉ፤ ከቀትር በኋላ አዳነ ከኋላው በማጭድ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አገሩ በአውጫጭኝ ተሰበሰበ፤ ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ሁሉ ከሥራው ታግዶ ተቀመጠ፤ አንድ በአንድ እየተነሣም ማለ። ሁሉም ፈንታን ይጠረጥራል፤ አየሁ የሚል ግን ጠፋ። ከአዳነ ጎን ሲያጭድ የነበረው የማኅበር ጓደኛው ሸዋአለም እንኳ «ጉም ነበር፤ አላየሁም» ብሎ ማለ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ወይዘሮ ጌታነሽ ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞረው የመርገሙን መዝሙር በፈንታ ስም ይደግሙ ጀመር። ቄሶች ይቆጣሉ፤ የተበደለ ሰው ግን በእኛ አገር ይህን አይተውም።

ዓመታት አለፉ፤ ፈንታን ግን ራሱን እንኳ አላመመው። ገብሱ ያማረ ነው፤ በጎቹ መንታ ይወልዳሉ። ገበያ ላይ ሲያገኛቸው ባርኔጣውን ያነሣላቸዋል።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ጌታነሽ? ዳዊቱስ እንዴት ነው? በርትቷል?»

ሌላ ሰው ቢሆን መዝሙሩን ይጠራጠር ነበር። እሳቸው የተጠራጠሩት ራሳቸውን ነው። ግዕዙን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡታል፤ ትርጓሜውን ግን አልተማሩም። «የማላውቀውን ጠመንጃ ነው የምተኩሰው» አሉኝ ለእኔ ለጎረቤታቸው፤ ወደ ሞላሌ ገበያ ስወርድ አብረውኝ መጡ። ገብረየሱስ የሚባል ከደብረ ብርሃን የመጣ ነጋዴ መጻሕፍቱን በሸራ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ጠላትን የሚመታ የቱ ነው?» አሉት።

ገብረየሱስ ሳቀ። «እሜቴ፣ እኔ መጽሐፍ እንጂ ጥይት አልሸጥም።»

«ጥይቱስ አለኝ። ዒላማው ነው የጠፋብኝ።»

ሳቁን ተወና ሦስት መጻሕፍት አወጣ። አንዱ፣ አንድ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት የት እንደሚገኝ የሚያመለክት ማውጫ ነው። ሁለተኛው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው። ሦስተኛው ግዕዙን ከላይ፣ የሊቃውንቱን ሐተታ ከታች ያሰፈረ የዳዊት ትርጓሜ ነው።

«ሻጭ አይመኑ። የሚያውቁትን ቦታ ያውጡና ሦስቱንም ይጠይቋቸው። ያልመለሰልዎትን ይተዉት» አላቸው።

ወይዘሮ ጌታነሽ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። በመጀመሪያ ከማውጫው ላይ «በቀል» የሚለውን ፈለጉ። ብዙ ቦታ ጠቆማቸው።

«ሲራክ የታል?»

«የሚሲዮን ነው እሜቴ። እነሱ ሲራክን አይቆጥሩም።»

«ሰማንያ አሐዱን ያልተቀበለ ለእኔ መንገድ አያሳየኝም» ብለው መለሱለት። መዝገበ ቃላቱን ገለጡ፤ የቃሉን ፍቺ በደንብ ነገራቸው፤ መዝሙሩ ስለ ማን እንደ ተነገረ ግን አልነገራቸውም። ከዚያ ትርጓሜውን ከፈቱ። የመርገሙን መዝሙር አገኙና በጣታቸው እየተከተሉ አንዱን ሐተታ ጨርሰው ወደሚቀጥለው «አንድም» ሲያልፉ፣ ገበያው እየሳሳ መጣ።

«ኧረ እሜቴ! እዚሁ አንብበው ሊጨርሱት ነው እንዴ?» አለ ገብረየሱስ።

ትርጓሜውን ገዙ፤ የሚያስቸግራቸው ቃል ቢኖር ብለው መዝገበ ቃላቱንም ጨመሩ። እኔም በኋላ ሁለቱን እየተዋስሁ ተምሬባቸዋለሁና፣ እግዜር ይስጣቸው።

ክረምቱን ቤታቸውን ዘግተው አነበቡ። መስከረም ሲጠባ ጠሩኝ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ተሳስቻለሁ። መዝሙሩ የፈንታ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«ፈንታ ጠላት ነው፤ ጠላትነቱንም አልደበቀም። ይህ ግን ለፍቅር ጥላቻን ስለ መለሰ፣ በሐሰት ስለ ተናገረ ሰው ነው። ትርጓሜው ወደ ይሁዳ ይወስደዋል። አብሮ ስለ በላው ነው የሚለው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ከአዳነ ጋር አንድ ጽዋ ይጠጣ የነበረው ማነው?»

ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አስፈራኝ። «የወንጌል ትርጓሜም እኮ አለ፤ እሱ ምሕረትን ይናገራል» አልኋቸው።

«እሱን አልገዛሁም» አሉ።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። ጠላው ተጠመቀ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ሸዋአለምም እንደ ልማዱ መጥቶ ከቦታው ተቀመጠ። ጽዋው ሳይነሣ ቄሱን አስፈቅደው ትርጓሜውን አነበቡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ሲጨርሱ ጽዋውን በእጃቸው ቀድተው ከሸዋአለም ፊት ቆሙ።

«አዳነ የጠጣበት ነው። ምንም ካላየህ ጠጣ።»

«እትዬ ጌታነሽ፣ ምነው በሰው ፊት?»

«የማልኸውስ በሰው ፊት አይደል?»

ጽዋውን ተቀበለ፤ ወደ አፉ ግን አላደረሰውም። መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ጉም አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ፈንታ ከኋላው መጥቶ መታው። ብትናገር ትከተለዋለህ አለኝ። ልጆቼን አስቤ ነው።»

«የእኔስ ወንድም?» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

ቄሱ ተነሥተው ያየውን ለዳኛ ካልተናገረ ከማኅበሩ እንደሚለይ ነገሩት። ሳምንት ሳይሞላ መሐል ሜዳ ከተማ ወርዶ መሰከረ። በሐሰት በመማሉ እሱም ታሰረ፤ ወይዘሮ ጌታነሽ ለሚስቱ አንዲት የማጽናኛ ቃል አልላኩም።

ፈንታን ሊወስዱት የመጡ ለት መንገዱ በደጃቸው ያልፋል። እጁ ታስሯል፤ ባርኔጣው የለም። ሲደርስ ቆመና በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ!»

አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያ ሁሉ ዳዊት የበረታበት ልብ አንድ የምሕረት ቃል ያወጣ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ጠበቅሁ።

«የሞተው እኔ አይደለሁም» አሉት። «አዳነን ጠይቀው። እሱ ዘንድ ነው የሚወስዱህ።»

ፖሊሱ ገመዱን ሳብ አደረገው። እሳቸው በጠመዝማዛው መንገድ እስኪሰወር ድረስ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።