ሞፈር ላይ የተጠመጠመው ሽቦ

ወታደሮቹ ገፍትረው ሲያስገቡኝ ክፍሉ ገና ገብስ ገብስ ይሸት ነበር፤ ጣልያን እስር ቤት ሳያደርገው በፊት ጎተራ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት የጎረቤቴን የሽማግሌውን ጀርባ ነው። ሸማቸው ከግርፋቱ ቁስል ጋር ተጣብቋል። እዚያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።

ደብረ ታቦር በጣልያን ጋራዥ መኪና ሳጥብ አንድ ሾፌር ከሽቦ፣ ከትንሽ ድንጋይና ከስልክ ማዳመጫ የሠራትን ራዲዮ አሰማኝ። ከዚያ ወዲያ አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። ቀጭኑን ሽቦ ከተቃጠለ ዲናሞ ፈታሁ፤ ማዳመጫውን ከጋራዡ ቆሻሻ ለቀምኩ፤ ድንጋዩን ሾፌሩ ሰጠኝ። ለአንቴና የሚሆን ረጅም ሽቦ ግን አጣሁ። ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ የስልክ መስመር ወድቆ ሳገኝ ቆርጬ ወሰድኩ። የተረፈኝን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፤ የተሰነጠቀ ሞፈራቸው ላይ ጠመጠሙት። ሽማግሌው ሲያርሱ ጣልያኖች ሽቦውን አይተው “መስመር ቆራጭ” ብለው ያዟቸው። የጎረቤቱን ቤት ሁሉ ሲፈትሹ ደግሞ እኔ ዘንድ ማዳመጫውን አገኙ።

“ስለ ሽቦው ምን ብለው መለሱ፣ አባቴ?” አልኳቸው በሹክሹክታ።

“መንገድ ላይ ወድቆ አነሳሁት አልኩ። ይልቅ ያ የምትሠራው ዕቃህ ተናገረ?”

አልተናገረም ነበር። ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ብለጥፈው ትንፍሽ አላለም። ጀርባቸውን እያየሁ ይህን ማለት አቃተኝ።

“ተናገረ” አልኩ።

“ምን አለ?”

“ንጉሡ እየመጡ ነው አለ።”

ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። “እንግዲያስ አንተ መውጣት አለብህ። እኔማ የማርሰውን አርሻለሁ። ወሬ የሚሰማ ሰው ውጭ ይኑር እንጂ።”

በማግስቱ አስተርጓሚው በሩን ከፍቶ ስማቸውን ጠራ። “ተነሣ፤ ወደ ጎንደር ነህ” አላቸው። መስመር ቆራጭ ጎንደር ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ብድግ አልኩና “ሽቦው የኔ ነው፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

ሽማግሌው ሸማቸውን እያስተካከሉ ሳቁ። “ልጁ ለሽበቴ አዝኖ ነው። ምኑን ትሰሙታላችሁ?” አሉ። ደጋፊ ሳይፈልጉ፣ ቀስ ብለው በእግራቸው ወጡ።

መድገም እችል ነበር። አልደገምኩም። ማዳመጫውን የጋራዥ ቆሻሻ ነው ብለው ከሁለት ቀን በኋላ ለቀቁኝ።

ንጉሡ እውነትም መጡ። ሽማግሌው ግን አልተመለሱም። አንዳንዱ ሰው “ታዲያ ውሸትህ እውነት ሆነልህ” ብሎ ሊያጽናናኝ ይሞክራል፤ እኔን አያጽናናኝም፤ ሽማግሌው ያን ውሸቴን አምነው መሄዳቸው ይቆጨኛል።

ዛሬ እዚሁ ደብረ ታቦር ራዲዮ እጠግናለሁ። ደንበኛ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ “ተናገረ ወይ?” ይለኛል። ከፍቼ አሰማዋለሁ እንጂ፣ በአፌ “ተናገረ” ብዬ አላውቅም።