ማሞቂያ ውስጥ የማይዋኘው

ፍኖተ ሰላም አንድ ላቦራቶሪ ተቀጥሬ ገና ሳልከርም፣ አለቃዬ ከቡሬ ከተማ በመጣ ወተት ውስጥ ያገኘሁትን ባክቴሪያ አይተው በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ይሄም እንዳንቺ ሰነፍ ነው፤ አይንቀሳቀስም» አሉኝ። ተሳቀብኝ። አልረሳሁትም።

ያንኑ ባክቴሪያ ባክቴሪያ ሊዋኝበት የሚችል ለስላሳ ጄል ባለባቸው ሁለት ብልቃጦች ዘራሁ፤ አንዱን እንደ እሳቸው ልማድ ማሞቂያ ውስጥ፣ ሌላውን መደርደሪያ ላይ አኖርኩ። በሦስተኛው ቀን የማሞቂያው ንቅንቅ አላለም። የመደርደሪያው ዋኝቶ እንደ ጉም ተሰራጭቷል።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ሁለቱንም ፊታቸው አስቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ሲሞቀው የመዋኛ ጅራቱን የሚያሠራው ዘረመል ይዘጋል» ብዬ፣ ይህንኑ የሚለውን መጽሐፍ ገልጬ እንዲያነቡልን ለመንኳቸው። ድምፃቸው እየሰለለ አነበቡ።

«ከፍ ያድርጉት ጋሼ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አልኳቸው።