ከማዶ የመጣው ክብ ሶኬት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ይህን አባባል ከማንም በላይ አምኜ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዝናቡ ሳይገባ ለበረንዳውና ለጓሮው ሶኬት ላስገጥም ብዬ እዚህ ፈንዲ የምንለውን የመብራት ሠራተኛ ጠራሁ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረግን ግቢውን ዞርን፤ አንዱ ከታንከሩ አጠገብ ለውኃ ፓምፑ፣ አንዱ በረንዳው ላይ ለቬንትሌተሩ፣ ሁሉም ክዳን ያላቸው፣ ከመሬት ከፍ ያሉ። ሰውየው ሽቦ እንዳያስቀርብኝ እኔው በክንዴ ለካሁት።

ሚስቴ ወጣችና ከበረንዳው ጥግ አንድ ይጨመር አለች፤ ያውም ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ። የቤታችን ዕቃ ሁሉ የኬንያ ነው፣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር። ክብ እግር ያለው ዕቃ የሚመጣው ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ነው። ማን ሊመጣብኝ ነው? ሰሞኑን ደግሞ በቦዳቦዳ ሞተር ወደ ማዶ መሻገር አብዝታለች። ገበያ ነበርኩ ትለኛለች፤ ዘንቢሏ ግን ባዶውን ይመለሳል። ወንድሟን ልታስገባብኝ ነው አልኩ። ከዚያም የባሰ ነገር አሰብኩ፤ ለራሴ እንኳ ለመናገር አፈርኩ።

ፈንዲው ከፍታውን ሲጠይቅ ከሌሎቹ እኩል ነው አልኩት።

«አይሆንም» አለች ሚስቴ። «በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇ ይድረስበት።»

ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሬዲዮዋን የምትሰማ አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው። ማዶ የምትኖረው እናቴ ናት። ቤቴን ከረገጠች ሦስት ዓመት አልፏል። የቦታዬ ካርታ ሳሎን ካለው ሳጥን ሲጠፋ «ለወንድሜ የሰጠሽው አንቺ ነሽ» ብያት ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ካርታው በኋላ ከመኪናዬ ወንበር ሥር ተገኘ። ይቅርታ ልጠይቃት ግን እግሬ እምቢ አለኝ።

ለምን ደበቅሽኝ አልኳት ሚስቴን። ብነግርህ ምን ሸርባችሁ ነው ትለን ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እል ነበር። እናቴን ስትለምን ከርማ በመጨረሻ እሺ አሰኝታታለች።

«ታዲያ ለምን በረንዳ ላይ? ሳሎን የለም እንዴ?»

ሚስቴ ወደ ፈንዲው አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «እሷው ናት ያለችው። ቀን ቀን ሰው እያየኝ ደጅ ልቀመጥ፣ ዕቃ ቢጠፋ በእኔ እንዳይሆን አለች።»

ጠመኔውን ከፈንዲው እጅ ተቀብዬ ሳሎን ገባሁና፣ ልክ ከሳጥኑ አጠገብ፣ በበርጩማ ከፍታ፣ አንድ ምልክት ጨመርኩ። ክብ ሶኬት እዚህም ግጠም አልኩት።

እናቴ ከመጣች አምስት ወር ሆናት። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር ብላኛለች፤ መርቃኛለችም። ሬዲዮው ግን አሁንም የሚሰካው በረንዳው ላይ ነው።